ዶክቶር ዊልያም ኮሊ፤ ትኵሳትን ለካንሰር መድኃኒት ያደረጉት ሐኪም

በካንሰር የታመመውን ሰው ለማዳን የዛሬ ሐኪሞች ከያዙአቸው መንገዶች አንዱ፣ ዕጢውን በጨረር መምታትና የሰውነትን የመከላከያ ኃይል ደግሞ በመድኃኒት መቀስቀስ ነው። ሁለቱ ሕክምናዎች ዛሬ እንደ ጥማድ በሬ ጎን ለጎን እየተጠመዱ ይሠራባቸዋል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ጣራ ሥር፣ አንደኛው ለጨረር ሌላው ለመከላከያ ኃይል ወግነው ሁለት ስመ ጥር ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። በዚያ ክርክር የተሸነፉት ሰው ዶክቶር ዊልያም ብራድሊ ኮሊ ይባላሉ፤ ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበውም የእርሳቸውን የሕይወት ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኮሊ የተወለዱት በጃንዋሪ 12 ቀን 1862 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት፣ ዌስትፖርት በተባለው ስፍራ ነው። በ1884 ዓ.ም. ከዬል ኮሌጅ ከተመረቁ በኋላ ወደ ምዕራብ ተጉዘው በኦሬጎን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ሁለት ዓመት ያህል በመምህርነት አገለገሉ። ከዚያም ወደ ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1888 ዓ.ም. በሐኪምነት ተመረቁና በኒው ዮርክ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ዘመኑ ለቀዶ ጥገና ሐኪሞች የኩራት ዘመን ነበር። በሽተኛው በኤተር እየደነዘዘ፣ ቁስሉም በጀርም መግደያ መድኃኒት እየታጠበ፣ ቀድሞ ሊነካ የማይደፈረው ሁሉ በቢላዋ ይነካ ጀመር። ወጣቱ ኮሊም ቢላዋን ከሚያምኑት ወገን ነበሩ።

ይህን እምነታቸውን ያናወጠችው አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ናት። ኤልሳቤጥ ዳሺየል የተባለችው ይህች ልጅ በ1890 ዓ.ም. ክረምት በባቡር ስትጓዝ ቀኝ እጇ በመቀመጫዎች መካከል ተቀርቅሮ ይጎዳል። ጉዳቱ ከምንም የማይቈጠር መስሎ ነበር፤ ነገር ግን እብጠቱ አልጎድል፣ ሕመሙም አልታገሥ ስላለ ወደ ኮሊ ዘንድ መጣች። ኮሊ ያን ጊዜ ገና የ28 ዓመት ሰው፣ በራሳቸው ስም ማከም ከጀመሩም ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። በመጀመሪያ ቁስሉ ያመረቀዘ መሰላቸው። በኋላ ግን ሣርኮማ የተባለው፣ አጥንትንና ሥጋን የሚይዝ የካንሰር ዓይነት መሆኑ ተረጋገጠ። በኖቬምበር ወር ክንዷን ከክርኗ በታች ቈረጡት። ሥራው በደንብ ተሠርቶ ነበር፤ ዳሩ ግን በሽታው ከቢላዋው ቀድሞ በሰውነቷ ሁሉ ተሰራጭቶ ኖሮ በጃንዋሪ 23 ቀን 1891 ዓ.ም. በቤቷ ሳለች ዐረፈች። ኮሊም በዚያን ጊዜ ከአጠገቧ ነበሩ። የዚህች ልጅ ሞት የሚነካው ሌላም ሰው ነበር፤ ይኸውም የታወቀው የነዳጅ ዘይት ባለጸጋ ልጅ ወጣቱ ጆን ሮክፌለር ሲሆን፣ እንደ እኅቱ ይወዳት ነበርና ኀዘኑ ከልቡ አልጠፋም። ይህ ኀዘን በኋላ ምን እንዳፈራ ከታች እናየዋለን።

አንድ ሐኪም በሽተኛ ሲሞትበት ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ወደሚቀጥለው በሽተኛ መሄድ ነው። ኮሊ ግን ወደ መዝገብ ቤት ሄዱ። በኒው ዮርክ ሆስፒታል ከዚያ በፊት በሣርኮማ የታከሙትን ሰዎች ፋይል አንድ በአንድ እያወጡ ያነብቡ ጀመር። ከሟቾቹ ዝርዝር መካከል አንድ እንግዳ ነገር አገኙ። ስታይን የተባለ ከጀርመን አገር የመጣ ድሀ ስደተኛ፣ በአንገቱ ላይ የእንቁላል መጠን ያለው ሣርኮማ በቅሎበት፣ በተቈረጠ ቍጥር እየተመለሰ ሐኪሞቹ ተስፋ ቈርጠውበት ሳለ፣ ኤሪሲፔላስ የተባለው በሽታ ያዘው። ይህ በሽታ ስትሬፕቶኮከስ ከሚባለው ጀርም የሚመጣ፣ ቆዳን እንደ እሳት እያቀላና እያሳበጠ ብርቱ ትኵሳት የሚያስከትል፣ በዚያን ጊዜም መድኃኒት ያልነበረው ገዳይ በሽታ ነው። ስታይን ከትኵሳቱ ሲድን ግን ዕጢውም አብሮ ጠፍቶ ተገኘ፤ በ1885 ዓ.ም. ከሆስፒታል ወጥቶ ሄደ፤ ፋይሉም በዚያው ተዘጋ።

በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የምትይዙ ወጣት ሠራተኞች ይህን ልብ በሉት። ያን ወረቀት የጻፈው ጸሐፊ ወይም ሐኪም ነገሩን አሳንሶ ወይም አድበስብሶ ቢተወው ኖሮ፣ የሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ ባልተጻፈም ነበር። ኮሊ በፋይሉ ብቻ አልረኩም፤ ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት በማንሃታን ምሥራቃዊ ሰፈር ቤት ለቤት እየዞሩ ሰውየውን ፈለጉት፤ ከብዙ ድካም በኋላም አገኙት። ስታይን በአንገቱ ላይ ትልቅ ጠባሳ ይዞ በደኅና ጤንነት ይኖር ነበር።

እንግዲህ ለኮሊ የታያቸው ሐሳብ እንዲህ ያለ ነው። ኤሪሲፔላስ በአጋጣሚ ይዞ ካንሰርን ያጠፋ ከሆነ፣ ሐኪም ሆን ብሎ ቢያስይዘውስ? እርግጥ ይህን ሐሳብ ያሰቡት የመጀመሪያው ሰው እርሳቸው አይደሉም። በጀርመን አገር ቡሽ የተባሉ ሐኪም በ1868 ዓ.ም.፣ ከእርሳቸውም በኋላ ፌላይሰን በ1880ዎቹ ዓመታት ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው ነበር። ሆኖም ነገሩን ዕድሜ ልካቸውን የያዙት ኮሊ ናቸው።

የመጀመሪያው በሽተኛቸው ዞላ የተባለ የ35 ዓመት ኢጣሊያዊ ነበር። ዕጢው ጉሮሮውን ስለ ዘጋበት መብላትም መናገርም ተስኖት የሚሞትበትን ቀን ይጠባበቅ ነበር። ኮሊ በሜይ ወር 1891 ዓ.ም. ሕያው ጀርም ወጉት፤ ጀርሙ ግን በሽታውን ለማስያዝ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ደጋግመው ቢሞክሩም ዕጢው ጥቂት ይጎድልና ይመለሳል። በመጨረሻ ከበርሊን፣ ከታዋቂው ከሮበርት ኮኽ ላቦራቶሪ የመጣ ብርቱ ጀርም አግኝተው በኦክቶበር ወር ሲወጉት ሰውየው በአንድ ሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ትኵሳቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ወጣ። ለጥቂት ቀናት በሞትና በሕይወት መካከል ቆየ። ነገር ግን የአንገቱ ዕጢ ይፈርስ ጀመር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም ጠፋ። ዞላ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ያህል ኖረ።

ይሁን እንጂ ሕያው ጀርም ጌታ የሌለው ውሻ ነው፤ ማንን እንደሚነክስ አይታወቅም። አንዳንዱን በሽተኛ ስንት ጊዜ ቢወጉት አልያዘውም፤ ሁለቱን ደግሞ ያዘና ገደላቸው። ኮሊ በዚህ ጊዜ ጀርሙን በሙቀት ገድለው ከውስጡ የሚወጣውን መርዝ ብቻ ለመውጋት ቈረጡ። የመርዙን ኃይል ለማበርታትም ዛሬ ሴራሺያ የተባለውን ሌላ ጀርም ገድለው ጨመሩበት። የኮሊ መርዝ ተብሎ የታወቀው መድኃኒት ይህ ቅልቅል ነው።

መርዙ በጃንዋሪ 24 ቀን 1893 ዓ.ም. በ16 ዓመቱ ልጅ በጆን ፊከን ተሞከረ። የፊከን ዕጢ ሆዱን ሞልቶ የሆዱን ግድግዳና ፊኛውን ስለ ያዘው፣ ቢላዋ ሊያወጣው የሚችል አልነበረም። ኮሊ በየጥቂቱ ቀን ዕጢውን በመርፌ እየወጉ፣ መጠኑንም በየጊዜው እየጨመሩ ለወራት አከሙት፤ ልጁ በተወጋ ቍጥር ይንቀጠቀጣል፣ ትኵሳቱም ይወጣል። እስከ ሜይ ወር ድረስ ይህ ሲደረግ ዕጢው እየሟሸሸ ሄደ፤ በበጋው መጨረሻም በእጅ ሲዳሰስ የሚገኘው ጥቂት ብቻ ሆነ። ፊከን 26 ዓመት ተጨምሮለት ኖሮ በልብ ሕመም ሞተ። በዚያ ዘመን ከእንዲህ ያለ ሕመም ማምለጥ እንደ ተአምር ይቈጠር ነበር።

ታዲያ ይህን የመሰለ ሥራ ስለ ምን ዓለም አልተቀበለውም? ጥፋቱን ሁሉ በባላጋራዎቻቸው ላይ መጫን ለአንባቢ ደስ ሊል ይችላል፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። አንደኛ፣ ኮሊ የሠሩት በአንድ ዓይነት መድኃኒት አልነበረም። የመርዙ አሠራር በዓመታት ውስጥ ከ10 ጊዜ በላይ ተለዋውጧል፤ አንዱ ቅልቅል ብርቱ፣ ሌላው ደካማ ነበር። ከ1899 ዓ.ም. ጀምሮ ፓርክ ዴቪስ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ሲሠራው የእርሱ ቅልቅል ደካማ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛ፣ ኮሊ በሽተኛውን ለወራት ትኵሳት እስኪያንቀጠቅጠው ሲወጉት፣ ሌሎቹ ሐኪሞች ጥቂት ጊዜ ወግተው ለውጥ ካላዩ ይተዉት ነበር። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ ካልታከሙ በሽተኞች ጋር በሥርዓት የሚነጻጸር ሙከራ አልተደረገም። መርዙ ለምን እንደሚሠራም ኮሊ ራሳቸው በትክክል ማስረዳት አልቻሉም፤ የሰውነት መከላከያ የሚባለው ዕውቀት ገና በሕፃንነቱ ነበርና።

በዚህ መካከል ሌላ ኃይል ወደ ዓለም መጣ። በ1895 ዓ.ም. ሮንትገን ራጅ የምንለውን ኤክስሬይን አገኙ፤ በ1898 ዓ.ም. ደግሞ ማሪ ኪዩሪና ባለቤታቸው ራዲዩምን አገኙ። ጨረር ለሐኪሙ ንጹሕ ሥራ ነው፤ ይለካል፣ በሰዓት ይወሰናል፣ ዕጢውም ዐይን እያየ ይሟሽሻል፤ በሽተኛውን በ40 ዲግሪ ትኵሳት ማንቀጥቀጥም የለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኮሊ የጨረር ጠላት አልነበሩም። እንዲያውም በአሜሪካ ኤክስሬይን በሣርኮማ ላይ ቀድመው ከሞከሩት ሐኪሞች አንዱ ናቸው። ሞክረውም የደረሱበት አስተያየት፣ ጨረሩ የወደቀበትን ስፍራ ያደርቃል እንጂ ወደ ሌላ ቦታ የሸሸውን በሽታ አይከተለውም የሚል ነበር። ስለዚህ በበሽተኞቻቸው ላይ ጨረሩንና መርዙን አንድ ላይ ያደርጉ ነበር። ዛሬ ጨረርን ከመከላከያ ኃይል ጋር ማቀናጀት የሚባለውን ነገር፣ ስሙ ሳይወጣለት፣ እርሳቸው በእጃቸው ጀምረውት ነበር ማለት ይቻላል።

የክርክሩ ሌላ ወገን ዶክቶር ጄምስ ኤዊንግ ነበሩ። በዕጢዎች ምርመራ በዘመናቸው ተወዳዳሪ ያልነበራቸው ሊቅ ናቸው፤ በልጆችና በወጣቶች አጥንት ላይ የሚበቅለው አንድ የዕጢ ዓይነት ዛሬም በእርሳቸው ስም ይጠራል። ጄምስ ዳግላስ የተባሉት የመዳብ ማዕድን ባለጸጋ ልጃቸውን ካንሰር ነጥቋቸው ነበርና፣ በ1913 ዓ.ም. ራዲዩም የሚያወጣ ተቋም ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ሆኑ፤ ኮሊ ለሚሠሩበት ለሜሞሪያል ሆስፒታልም ብዙ ገንዘብና ራዲዩም ሰጡ። ከስጦታው ጋር የኤዊንግ ሥልጣን አብሮ ገባ። ሆስፒታሉ የራዲዩም ቤት ሆነ፤ የኮሊ መርዝ ግን ወደ ጥግ ተገፋ። ኤዊንግ በመርዙ የዳኑ የተባሉትን ሰዎች ከመጀመሪያውም ካንሰር አልነበረባቸውም እያሉ ምርመራውን ይጠራጠሩ ነበር። ጥርጣሬው ሁልጊዜ መሠረት የሌለው አልነበረም። ነገር ግን ኤዊንግ ከኮሊ የጠየቁትን ማስረጃ ለራዲዩም በዚያው መጠን ሳይጠይቁ ማለፋቸው ሚዛኑን ያጋደለ ይመስለናል። የሚያስገርመውም ኮሊ በኋለኛው ዘመናቸው ጨረርንና መርዝን አቀናጅተው ይጠቀሙበት የነበረው በኤዊንግ ስም በሚጠራው በዚያው የአጥንት ዕጢ ላይ ጭምር መሆኑ ነው።

ኮሊ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሥራቸውን አላቋረጡም። ለአካለ ስንኩላን በተቋቋመው ሆስፒታል ውስጥ በቀዶ ጥገና፣ ይልቁንም ቡአን በማከም የታወቁ ሐኪም ስለ ነበሩ፣ ኑሮአቸው የተቸገረ ሰው ኑሮ አልነበረም። በአፕሪል 16 ቀን 1936 ዓ.ም. በ74 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያው ዓመት፣ የወጣትነት ወዳጁን በካንሰር ያጣው ሮክፌለር ለሜሞሪያል ሆስፒታል አዲስ ሕንጻ የሚሠራበትን ቦታ ሰጠ፤ ሕንጻውም በ1939 ዓ.ም. ተከፈተ።

ከኮሊ ሞት በኋላ ወረቀታቸውን ያነሣችው ሴት ልጃቸው ሔለን ናት። የአባቷን ታሪክ ለመጻፍ ተነሥታ፣ የሐኪምነት ትምህርት ሳይኖራት፣ በገጠር ቤታቸው የተከማቸውን የበሽተኞች መዝገብና ደብዳቤ ለብዙ ዓመታት ስትመረምር ኖረች። ወደ 1,000 የሚጠጉ በሽተኞችን ታሪክ ሰበሰበች፤ በእርሷ ቆጠራ ግማሽ ያህሉ ዕጢያቸው ጠፍቶላቸው ነበር። ሐኪሞቹ መጀመሪያ አላዳመጧትም። በ1953 ዓ.ም. ግን ከሮክፌለር ቤተ ሰብ በተገኘ 2,000 ዶላር ርዳታ የካንሰር ምርምር ተቋም መሠረተች። መርዙ ራሱ ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። በ1963 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት የታወቀ መድኃኒት ነው ብሎ ሳይቀበለው ቀረ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ተመራማሪዎች የኮሊን በሽተኞች በኋላ ዘመን ከታከሙት ጋር ሲያነጻጽሩ በ10 ዓመት ውስጥ በነበረው የሞት መጠን ጉልህ ልዩነት አላገኙም። ይህ ማለት ኮሊ በድሮ መሣሪያ ከዛሬው አላነሱም ማለት ነው ወይስ መርዙ የተለየ ጥቅም የለውም? ሁለቱም ትርጓሜ ደጋፊ አለው።

ሐሳቡ ግን ከመርዙ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። በ1975 ዓ.ም. በሜሞሪያል ሆስፒታል የምርምር ክፍል፣ ሎይድ ኦልድና ጓደኞቻቸው ሰውነት ከጀርም ጋር ሲታገል የሚያወጣውንና ዕጢን የሚያደርቀውን አንድ ንጥረ ነገር አገኙ። በአገራችን ሕፃናት ለሳምባ ነቀርሳ መከላከያ በክንዳቸው ላይ የሚወጉት ቢሲጂ፣ ወደ ፊኛ ሲጨመር የፊኛን ካንሰር እንደሚያክም ታውቆ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ተፈቅዶ ይሠራበታል፤ ይህም የኮሊ ሐሳብ የቅርብ ዘመድ ነው። ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው የአሜሪካዊው የጄምስ አሊሰንና የጃፓናዊው የታሱኩ ሆንጆ ግኝት ነው። ጠላትን የሚገድሉት የደም ሴሎች በተፈጥሮአቸው ፍሬን አላቸው፤ ካንሰርም ይህን ፍሬን እየረገጠ ያቆማቸዋል። ሁለቱ ሊቃውንት ፍሬኑ የሚለቀቅበትን መንገድ ስላሳዩ በ2018 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ጨረር ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? በ1953 ዓ.ም. ሞል የተባሉ እንግሊዛዊ ተመራማሪ፣ ጨረር በአንድ ስፍራ ሲወድቅ ጨረሩ ያልነካው የሩቅ ዕጢ ደግሞ አልፎ አልፎ እንደሚሟሽሽ ገልጸው አብስኮፓል የሚል ስም አወጡለት። የነገሩ ምሥጢር ኋላ ተገለጠ። በጨረር የተመታው የካንሰር ሴል ሲፈርስ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይፈስሳል፤ ጠባቂ ሴሎች ስባሪውን ለቅመው ወደ ንፍፊት ይወስዱና ለተዋጊዎቹ ሴሎች የጠላትን መልክ ያሳዩአቸዋል። ተዋጊዎቹም መልኩን ከያዙ ጨረር ያልደረሰበት ስፍራ ድረስ ሄደው ሊያድኑት ይችላሉ። ዳሩ ግን ፍሬኑ ተረግጦ ስላለ ይህ የሚሆነው እጅግ በጥቂቱ ነበር።

ፍሬኑን የሚለቅቀው የመጀመሪያው መድኃኒት በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ከሜሞሪያል ሆስፒታል አንድ ታሪክ ታተመ። ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር የተሰራጨባት አንዲት ሴት ይህን መድኃኒት እየወሰደች በሽታው ቀስ በቀስ ይጨምርባት ነበር። በአከርካሪዋ አጠገብ ያለው ዕጢ ሕመም ስለ ጸናባት ሐኪሞቹ በሦስት ጊዜ ጨረር መቱት። ከወራት በኋላ የተመታው ብቻ ሳይሆን ጨረሩ ያልነካው የደረቷና የጣፊያዋ ዕጢ ጭምር ሟሽሾ ተገኘ። ኮሊና ኤዊንግ የተከራከሩበት ሆስፒታል ይህ ነው።

አንድ በሽተኛ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ የኮሊ ታሪክ ያስተማረውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ትልልቅ ሙከራዎች ተደረጉ። በ2017 ዓ.ም. ውጤቱ በታተመው ሙከራ፣ በጨረርና በኬሚካል መድኃኒት የታከሙ 713 የሳምባ ካንሰር በሽተኞች ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ከጨረሩ በኋላ ፍሬን የሚለቅቀውን መድኃኒት አንድ ዓመት ያህል ሲወስድ፣ ሌላው ወገን አልወሰደም። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከወሰዱት ከመቶ 43 ያህል፣ ካልወሰዱት ከመቶ 33 ያህል ሆኑ። በማኅፀን በር ካንሰርም በ2024 ዓ.ም. የታተመው ውጤት መልካም ነው፤ መድኃኒቱ ከጨረሩ ጋር አብሮ የተሰጣቸው ሴቶች ከሦስት ዓመት በኋላ ከመቶ 83 ያህሉ፣ ያልተሰጣቸው ከመቶ 75 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። በአንገትና በራስ ካንሰር ግን በ2021 ዓ.ም. የታተመ አንድ ትልቅ ሙከራ ጥቅም አላሳየም። በሳምባ ካንሰርም መድኃኒቱ ከጨረሩ በኋላ መሰጠቱ ቀርቶ ከጨረሩ ጋር እኩል ቢጀመር ጥቅሙ ጠፍቶ ተገኝቷል። ጨረር ዕጢውን ሲመታ በአጠገቡ ያሉትን ተዋጊ ሴሎችም ስለሚፈጅ፣ ሰዓቱና መጠኑ፣ ንፍፊቱ መመታቱና አለመመታቱ ሁሉ ይወስናል ይላሉ ሊቃውንቱ። ኮሊ መርዙ በጊዜ እንዲጀመርና ለወራት ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ሲጨቀጭቁ ኖረዋል፤ ዛሬም ሐኪሞቹ የሚከራከሩት መድኃኒቱ ከጨረሩ በፊት፣ ከጨረሩ ጋር ወይስ ከጨረሩ በኋላ ይሰጥ በሚለው ላይ ነው።